ጎንደር ላይ ቤት ከመያዛችሁ በፊት፦ ጭሱን፣ አቧራውንና ፍሳሹን እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

ደላላ ቤት የሚያሳያችሁ ረፋድ ላይ ነው። ግቢው ተጠርጓል፣ ሰው ሥራ ሄዷል፣ ፀሐይዋ ደስ ትላለች። በዚያ ሰዓት ጎንደር ላይ መጥፎ ሠፈር የለም። ቀብድ ሰጥታችሁ፣ ዕቃ ጭናችሁ፣ መጋረጃ ሰቅላችሁ ስትጨርሱ ነው ማታ የጎረቤት ፌስታል ሲቃጠል፣ ሌሊት ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ የላይኛው ሠፈር ፍሳሽ በበራችሁ ሲያልፍ የምታዩት።

ስለ ክፍል ስፋትና ስለ ኪራይ ማንም ይመክራችኋል። እዚህ የምናወራው ሳንባና ሆድ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ነው። ለሚከራይም፣ ለሚገዛም፣ ቦታ አግኝቶ ሊሠራ ላሰበም ይሆናል። ሁለት ቅዳሜና አንድ የሥራ ቀን ማለዳ ብትሰጡት ይበቃል።

1. ከላያችሁ ማን እንዳለ እወቁ

ጎንደር ሜዳ ከተማ አይደለችም። አሮጌው ከተማ የተቀመጠው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ሲቆረቁሩ ስለ ቱቦ ማሰባቸውን እንጃ፣ ከፍታ መምረጣቸው ግን ዛሬም ያዋጣል። ሁለቱም ወንዞች ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ከላይ የተደፋ ነገር ሁሉ ጣና እስኪደርስ ድረስ በአንድ ሰው ደጅ ማለፉ አይቀርም። ያ ሰው እናንተ መሆን አለመሆናችሁን ነው የምታጣሩት።

ቤቱን ካያችሁ በኋላ ደላላውን ሸኙትና በቅርብ ያለውን ቦይ ይዛችሁ ሽቅብ ተራመዱ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ጋራዥ አለ? መኪና እጥበት አለ? ቄራ፣ ሆቴል፣ ቆዳ የሚለፋበት ቦታ፣ የቆሻሻ ገንዳ? የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ ሲፈስ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይሠራል፤ ይሄን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሱና የታችኛውን ጎን እዩ። በበጋ ደርቆ የሚያሳስት ጅረት አጠገብ ከሆነ ቁጥቋጦውን ተመልከቱ። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታልና የጨርቅ ቁራጭ ካለ ነፋስ ብቻ አይደለም ያመጣው፤ በተርታ አንድ ልክ ላይ ከተሰቀሉ ባለፈው ክረምት ውሃው እስከዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከአጥሩ ሥር ያለውን የጭቃ መስመርም ፈልጉ። አከራይ ግድግዳውን ቀለም ይቀባዋል፤ የአጥሩን ውጪ ግን የሚቀባ ብዙ የለም። የመስመሩ ቁመትና የበሩ ደፍ አንድ ላይ ከሆኑ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ ጎርፉ ውሃ ብቻ ይዞ አይመጣም፣ የሽንት ቤት ጉድጓድም አብሮ ነው የሚያጥበው።

2. በአራት የተለያየ ሰዓት ሂዱ

ማለዳ። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ሞቅ ያለው ከላዩ እንደ አክንባሎ ይደፋበታል፣ የማታው የከሰልና የማገዶ ጭስም ከሥር ታፍኖ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ የትም አይሄድም። ይሄን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ጎሃ ከፍታ ወጥታችሁ ቁልቁል እዩ። ጭሱ የትኛው ሠፈር ላይ ተኝቶ እንዳደረ ይታያችኋል፤ የምትፈልጉት ቤት ከሥሩ ከሆነ እሱን መዝግቡ። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት። እራት የሚሠራበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ሰዓት ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይታወቃል፣ ጉሮሮ ይቧጭራል። አንድ ቀን ቢሸታ ችግር የለም። ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚቃጠልበት ጥቁር ቦታ ካለ ግን ልማድ ሆኗል ማለት ነው፤ የሠፈሩን ልማድ ደግሞ ተከራይ አይቀይረውም።

ቅዳሜ። ገበያ፣ ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤት ሁሉም የሚሠራበት ቀን ነው። በርበሬ የሚፈጭበት ቀን ከወፍጮ ቤት ጀርባ መኖር ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በጥምቀት መዋኛው አካባቢ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ ጥር 10 እና 11ን አስቡ፤ እንግዳ ለሚወድ ደስታ ነው፣ አራስ ላለበት ቤት ሌላ ነገር ነው።

ዝናብ የዘነበ ዕለት። የሚቻል ከሆነ ይሄን አትለፉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤት የምትፈልጉ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። በጋ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጎረቤት ጠይቁ።

ስትጠይቁ ደላላው ባለበት አትጠይቁ፣ "ሠፈሩ ጥሩ ነው?" ብላችሁም አትጠይቁ። ማን ሠፈሩን ይሰድባል! ደጃፍ ላይ ጌሾ የሚያሰጡ ወይም ስንዴ የሚለቅሙ እናት ካሉ ቀረብ ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። "እማማ፣ እዚህ ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?" በሉ። "ኧረ ልጄ፣ እዚያ ጋ ያለውን ድንጋይ አየኸው? እሱን አስቀምጠን ነው በሱ ላይ የምንሻገረው" ካሉ መልሱ መጣ። ቀጥሎ "የቀድሞዎቹ ተከራዮች ለምን ለቀቁ?" በሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለችግር ቀን ነው፤ ለቤት ፍለጋም ይሠራል።

3. አቧራውን በጣታችሁ ለኩ

አዘዞ ላይ የባሕር ዳሩና የመተማው መንገድ ይገናኛሉ፤ ጭነት መኪና ሌትም ቀንም ያልፋል። በወለቃ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣውም እንዲሁ ነው፤ ዳገት ላይ የተጫነ ናፍጣ መኪና ማርሽ ሲቀንስ የሚተፋውን ጥቁር ጭስ አይታችሁታል። እዚያ ሠፈር አትኑሩ እያልኩ አይደለም። ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት ቤት ገባ ብሎ ያለ ግቢ፣ በተለይ መሃል ላይ ሌላ ሕንፃ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ካለ፣ ፊት ለፊት ካለው በብዙ ይሻላል። መንገዱ ዳገት በሆነበት ካለ ቤት ደግሞ መንገዱ ሜዳ በሆነበት ያለ ይመረጣል።

የመንገዱን ዓይነትም እዩ። ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንደር ውስጥ አቧራ አለ፣ ግን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ደመና አይነሳም። ጥርጊያ መንገድ ከሆነ ከጥር እስከ ሚያዝያ ልብስ ውጪ ማስጣት ይቸግራችኋል።

ቀላል መለኪያ ይኸውላችሁ። ግቢው ውስጥ ኮባ ወይም ሌላ ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው ተክል ካለ አንዱን ቅጠል በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ቡናማ ከሆነ አፈር ነው፤ ያሳስላል፣ ያናድዳል፣ ግን አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጥቁርና ቅባታማ ከሆነ ጥላሸት ነው፣ ከናፍጣ ወይም ከማገዶ የመጣ። የከፋው እሱ ነው። ጥላሸት ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከ2.5 ማይክሮን ያንሳል፤ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ የቀጠነ ስለሆነ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ስልካችሁ ላይ የአየር ጥራት የሚያሳይ አፕ ካለ ቁጥሩን ብዙ አትመኑት። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ብዙ ጊዜ ሰፊ አካባቢን በግምት የሚያሳይ ነው እንጂ ማራኪንና ፒያሳን አይለይም። ሶፍቱ ይሻላችኋል።

4. ማድቤቱ፦ ሁሉም የሚረሳው

ሰው ቤት ሲያይ ሳሎኑን ይለካል፣ መኝታ ቤቱን ያያል፣ ማድቤቱ ጋ ሲደርስ "እሺ አለ አይደል" ብሎ ያልፋል። እኔ ብሆን ከማድቤቱ ነው የምጀምረው። ውጪ ያለው የመኪና ጭስ ክፉ ነው፣ ግን ይበተናል። ቤት ውስጥ የሚነደው ማገዶና ከሰል ግን አራት ግድግዳ መካከል ነው የሚቀረው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ልጅ አዝላ እንጀራ የምትጋግር እናት ስንት አይታችኋል? ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ማድቤቱ ከመኝታው ተለይቷል? በሩ ወደየት ነው የሚከፈተው? በተቃራኒ ግድግዳ መስኮት ወይም ከጣሪያው ሥር ክፍተት አለው? ጭስ መውጫ ከሌለው ማስወጣት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ኮርኒሱን እዩ። ግድግዳ ቀለም ይቀባል፤ ከበሩ በላይ ያለው ጥግና የቁም ሣጥን ውስጥ ግን ይረሳል። ጣታችሁን አሳልፉበት፣ ቁም ሣጥኑንም ከፍታችሁ አሽትቱ። ሣጥኑ ጭስ ጭስ ካለ የእናንተም ልብስ እንደዚያው ይሆናል።

የጋራ ግቢ ከሆነ የራሳችሁ ማድቤት ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ስድስት ተከራይ፣ ስድስት የከሰል ምድጃ፣ ሁሉም በእናንተ መስኮት ሥር ተደርድሮ ሊሆን ይችላል። ግቢው ውስጥ ለሽያጭ አረቄ የሚያወጣ ወይም ለጠላ አሻሮ የሚያምስ ሰው ካለ ጭሱ የቀን ሙሉ ነው። የሰው እንጀራ ነውና ሄዶ አቁሙ ማለት አይቻልም፤ ነፋሱ ጭሱን በማይነዳበት በኩል ያለውን ክፍል መምረጥ ግን ይቻላል። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ባንዲራ ወይም የጎረቤት ጭስ ወዴት እንደሚያጋድል ጠዋትና ከሰዓት እዩ፤ ሁለቱ ሊለያይ ይችላል።

ቆጣሪውንም ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚችል መስመር አለው ወይስ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ይቆርጣል? ለብቻችሁ ቆጣሪ ካለ ብዙ ጭስ ቀነሳችሁ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበት ማገዶ ከሆነ ሚርት የሚባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ጭሱ ሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር በብዙ ያንሳል፣ ማገዶም ይቆጥባል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጎንደር ሌሊት ሲበርድ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ፍሙ የነደደ ቢመስልም ይወጣል። መስኮት የማይከፈትበት ክፍል ከሆነ ኪራዩ በነፃ ቢሆንም አትያዙት።

5. ውሃው

ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ መምጣቱን ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው፣ ሕዝቡ ደግሞ ጨምሯል። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ፈረቃ የብክለት ጉዳይም መሆኑን ነው። ቧንቧው ውስጥ ግፊት ሲኖር ስንጥቅ ቢኖርበት እንኳ ውሃ ወደ ውጪ ነው የሚወጣው። ውሃው ሲቋረጥ ግፊቱ ይወርድና በዙሪያው ያለው ፍሳሽ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወደ ግቢው የሚገባው ቧንቧ በየት በኩል እንደሚያልፍ ተከታተሉ። ቦይ ውስጥ ተጋድሞ፣ በጎማ ቁራጭ ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ሁልጊዜ አክማችሁ ወይም አፍልታችሁ ልትጠጡ ነው። ፈረቃው ሲመለስ የመጀመሪያውን ደፍራሽ ውሃ ለመጸዳጃ አውሉት፤ ሮቶ ውስጥ አታስገቡት።

የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ርቀቱን በእርምጃ ለኩ። ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከሽንት ቤቱም በላይ እንጂ በታች አይሁን። የእናንተን ሽንት ቤት ብቻ አይደለም የምትለኩት፣ ከአጥር ማዶ ያለውንም ነው።

ማፍላት ጀርሙን ይገድላል። እኛ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁ። ነዳጅ፣ እርሳስና ናይትሬት ግን በማፍላት አይጠፉም፤ እንዲያውም እርሳሱና ናይትሬቱ ውሃው ሲተን ይጠጥራሉ። ከጋራዥ ወይም ከነዳጅ ማደያ ሥር ያለ ጉድጓድ ውሃው ኩልል ቢልም አትጠጡት። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን የዱቄት ወተት የምትበጠብጡበት ውሃ ከሆነ በተለይ።

ሴፕቲክ ታንኩስ? መምጠጫ መኪና ግቢው ድረስ ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልገባ፣ ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አይከብድም። ቦዩን ሽቅብ ስትሄዱ ያያችሁት እሱኑ ነው።

6. ድምፅና አፈር፣ በአጭሩ

አገራችን ያወጣችው የድምፅ ገደብ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በስልክ የሚለካው ትክክል ባይሆንም መስኮት ዘግታችሁ ሌሊት 60 ካሳያችሁ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የባንክና የሆቴል ጄኔሬተር የት እንደተተከለ እዩ፣ ዓርብ ማታ የቡና ቤቶቹን ስፒከር አዳምጡ። ቅዳሴውን ግን አትቁጠሩ። የ44ቱ ታቦት አገር ነው፤ ከየትም ብትሆኑ ይሰማል።

የኔትወርክ ታወር የሚፈሩ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከታወር የሚወጣው ደካማ ሞገድ ጤና እንደሚጎዳ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ከሥሩ ያለው የናፍጣ ጄኔሬተር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መፍራት ካለባችሁ እሱን ፍሩ።

አፈሩን በተመለከተ፣ ግቢው ቀድሞ ምን ነበር በሉ። ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ከነበረ መሬቱ ውስጥ ዘይትና እርሳስ ሊኖር ይችላል። ሕፃን ልጅ ወደ አፉ ከገባው እርሳስ ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ሰውነቱ ይመጥጣል፣ እጁ ደግሞ ሁልጊዜ አፉ ውስጥ ነው። ግቢው ሲሚንቶ ከተለሰነ ይቀላል። ጎመን ለመትከል ካሰባችሁ ግን ሌላ አፈር አምጡ።

7. አሁን መዝኑ

ቤት ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ፍፁም የሆነ ካላገኘሁ የሚል ሰው ሆቴል ውስጥ ነው የሚያረጀው። ወረቀት አውጡና ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ አሳልፉት።

እኔ ላስቆመው እችላለሁ? የራሴ ማድቤት ጭስ፣ አዎ። የሮቶ ንጽሕና፣ አዎ። የጭነት መኪና፣ ጎርፍ፣ ከላይ ያለ ጋራዥ፣ አይሆንም። በቀን ስንት ሰዓት ነው? አንድ ሰዓት የሚሸት ነገርና ሌሊቱን ሙሉ የሚታፈን ጭስ እኩል አይደሉም። ማንን ነው የሚያገኘው? ይሄኛው ይረሳል። ኪራይ የሚከፍለው ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት አያትና ጨቅላ ሕፃን ናቸው። ቤቱን በእነሱ ሳንባ ነው መለካት ያለባችሁ።

እንበልና ፒያሳ አካባቢ ዋና መንገድ ጠርዝ ላይ አንድ ክፍል አለ፣ ከጅረት ዳር ደግሞ ሰፊ ግቢ በ1,500 ብር ይረክሳል። ላጤ ከሆናችሁና ቀን ቢሮ የምትውሉ ከሆነ የፒያሳው በጓሮ በኩል መስኮት ካለው ይበቃል። ልጅ ካለ ሁለቱም አይሆኑም። የጅረቱን ዳር በርካሽነቱ ብቻ ለመያዝ ካሰባችሁ የምትገዙትን የጀሪካን ውሃ፣ የክሊኒክ ካርድና መድኃኒት፣ የቀረባችሁን የሥራ ቀን ደምሩና 1,500ዋ ምን ያህል እንደምትቀር እዩ። እኔ በበኩሌ ለአየርና ለጎርፍ ስል ርቀት እመርጣለሁ፤ የታክሲ ወጪ ይታወቃል፣ በልክ ነው።

የምትገዙ ከሆነ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከጎናችሁ ያለው ክፍት ቦታ በፕላኑ ላይ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ። ዛሬ በግ የሚግጥበት ሜዳ ነገ ጠጠር መፍጫ ወይም ወፍጮ ቤት ሊሆን ይችላል። ከገባችሁ በኋላ የመጣ ብክለት ከሆነ ዝም አትበሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ማንም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። አቤቱታውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂ አስቀሩ። ጎረቤት አብሮ ከፈረመ ጉልበት አለው።

ለመከራየት ከሆነ የመጨረሻው ሥራ ውል ላይ ነው። ጭስ መውጫ ይሠራል፣ ቦይ ይጠረጋል፣ ሴፕቲክ ይመጠጣል የተባለው ሁሉ በቃል እንዳይቀር፤ ማን እንደሚከፍልና እስከ መቼ እንደሚሠራ ይጻፍ። በበጋ የምትገቡ ከሆነ የመጀመሪያውን ውል እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብቻ አድርጉትና ክረምቱን አይታችሁ አድሱ። አከራዩ "ኧረ ምን ችግር አለው ጌታዬ፣ የዓመት አድርገው" ካሉ፣ "ጋሼ፣ ክረምት ውሃ ከገባ የሁለት ወር ኪራይ ይመለስልኛል ብለን እንጻፍ" በሏቸው። ፊታቸውን እዩ።